ለቨርላ ትምህርት የተበላ እራት

ቨርላ ሳይዝሞር በአርባ አንድ ዓመቷ ነርስነት ልትማር ኮሌጅ መመዝገቧ በሸለቆው ሲወራ፣ «ትችዪዋለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ሁሉም የጠየቃት «በምን መኪና?» ብሎ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኮሌጁ ከተራራው ማዶ ሃምሳ ሁለት ማይል ይርቃል። በዚህ በኬንታኪ ተራራ ውስጥ አውቶቡስ የሚባል ነገር ከተማሪ ልጆች በቀር ማንንም አሳፍሮ አያውቅም። የቨርላ መኪና ደግሞ ልጇን ታሊን በሁለት ዓመት የምትበልጥ ናት፤ ታሊ ዘንድሮ አስራ ስድስት ሞላት።

ቨርላ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሽማግሌ አጥባለች፣ አሮጊት አገላብጣለች፣ የሞቱትን ዓይን ከድናለች። የሥራ መጠሪያዋ ረዳት አስታማሚ ነው። ረዳት ማለት ሁሉን የሚሠራ፣ ለምንም የማይፈርም ሰው ነው። በየዓመቱ ከኮሌጅ ትኩስ የወጣች አንዲት ነርስ ትመጣለች። ቨርላ ማን በየትኛው ጎኑ እንደማይተኛ፣ ማን ክኒኑን ጉንጩ ውስጥ ደብቆ እንደሚተፋ ታሳያታለች። ልጅቷ ሁለት ወር ሳይሞላት ቨርላን ማዘዝ ትጀምራለች፤ ደመወዟም የቨርላ እጥፍ ነው። ቨርላ በዚህ አትናደድም ነበር ማለት ውሸት ይሆናል። ትናደድ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ንዴቱ ምሳዋን ያስቆርጣት ነበር።

በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ አንድ መንፈቅ ኮሌጅ ተምራለች። እናቷ ታመሙ፣ ልታስታምም ተመለሰች፣ እናቷ ሞቱ፤ ከዚያ ልጅ መጣ፣ ባል ሄደ፣ ኑሮ ጠመመ። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው እንግዲህ ዳግም ማመልከቻ የሞላችው።

ሚያዝያ ላይ ከኮሌጁ ደብዳቤ መጣላት። ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ፣ መንገድ ዳር ቆማ ከፈተችው። ግማሹን መንግሥት፣ ግማሹን ኮሌጁ ከራሱ ድጎማ ይከፍልላታል፤ «ከተማሪዋ የሚጠበቅ ክፍያ፦ ዜሮ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውንም አንብባዋለች፤ በተማሪዋ ስም ከሌላ ወገን የሚመጣ የትምህርት እርዳታ ካለ፣ ያንኑ ያህል ከኮሌጁ ድጎማ ላይ ይቀነሳል ይላል። እዚያ ላይ ስትደርስ ሳቀች። ለእሷ ደግሞ ከየት አባቱ ይመጣል? ከዚያ ደብዳቤውን ገልብጣ በጀርባው ላይ ሰዓት አሰላች። የሆስፒታል ልምምድ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ተኩል ይጀምራል። ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ከተነሳች፣ ተራራው ላይ ጭጋግ ቢኖርም ትደርሳለች። «11» ብላ ጻፈችና ከበበችው።

ሐምሌ ላይ መኪናዋ ሽቅብ አልወጣም አለች። በሸለቆው ያለው መካኒክ አንድ ነው፤ ክሌተስ ይባላል። ክሌተስ ሱስ የሚያስይዝ ክኒን ሸጦ ሁለት ዓመት ታስሮ የወጣ፣ ከወጣ ወዲህ ግን ከናፍጣ ሌላ ነገር የማይሸተው ሰው ነው። ከመኪናዋ ሥር ተስቦ ወጥቶ እጁን እየጠረገ ካምቢዮው እንደሞተ ነገራት። ያገለገለ ተፈልጎ፣ ተገጥሞ፣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዶላር። ለሌላ ሰው ቢሆን ሦስት ሺህ እንደሚል፣ ለዴንዚል እህት ግን እንደማያተርፍባት አከለበት። ዴንዚል የሞተው ወንድሟ ነው።

እዚያ ላይ ቨርላ ቁጭ ብላ አሰበች። ልምምዱ ላይ ሁለት ቀን የቀረች ተማሪ ትሰረዛለች። ትምህርቱ ሲጀመር ሥራዋን ከሳምንት አምስት ቀን ወደ ሁለት ቀን ልታወርድ ነው፤ በዚያ ደመወዝ ቤት ኪራይ እንጂ ካምቢዮ አይገዛም። ባንኩ ስሟን ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን ለዴንዚል ቀብር በተበደረችው ገንዘብ ነው። ኮሌጁ በነፃ ነበር። ውድ የሆነው ኮሌጁ በር ድረስ መድረሱ ነው።

የአክስቷ ልጅ ግሌና የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። አፏ አያርፍም፤ ልቧ ግን ወርቅ ነው።

«እራት እንደግስልሽ» አለቻት።

«ለመኪና ብዬ ሰው ፊት ልቁም?»

«ማን ቁሚ አለሽ? ቁጭ ብለሽ ቦሎቄሽን ትበያለሽ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።»

በሸለቆው ወግ ሰው አይለምንም፤ ይደገስለታል። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ካንሰር የያዘው፣ ከማዕድኑ ጉድጓድ ወገቡ ተሰብሮ የወጣ ሰው ካለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ በትልቅ ድስት ቦሎቄ ይቀቀላል፣ የበቆሎ ዳቦ ይጋገራል፣ ሴቶቹ ኬክ ይዘው ይመጣሉ፣ ኬኩ ይጫረታል። ለካምቢዮ የተደገሰ እራት ግን ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅ። ስለዚህ ግሌና ማርከሯን ይዛ ማስታወቂያው ላይ ምን ልጻፍ ስትላት፣ ቨርላ «ለካምቢዮ» ለማለት አፏ አልታዘዝ አላት። ካምቢዮ ብሎ ገንዘብ መሰብሰብ ልመና ነው፤ ትምህርት ግን ክብር ነው።

«ለትምህርት በይው» አለች።

ግሌና «ለቨርላ ትምህርት» ብላ ጽፋ፣ ከጎኑ መጽሐፍ የመሰለ ነገር ሥላ፣ ማደያው በር ላይ ለጠፈችው። ኋላ ቨርላን ጉድ የሠራት ያ ቃል ነው፤ ማንም አላስገደዳትም፣ ከገዛ አፏ ነው የወጣው።

እራቱ የተበላው በነሐሴ መጀመሪያ ቅዳሜ ነው። ሰው ሞልቶ ደረጃው ላይ ሳይቀር ተቀምጦ በላ። በጨረታው የመጨረሻው ኬክ የእህት ኦማ ሆነ፤ በደረቀ ፖም የሚሠራ፣ ሰባት ድርብ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን አዋቂ ሁሉ ወንድምና እህት ተብሎ ነው የሚጠራው። የእህት ኦማ ባል ወንድም ሆባርት የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ያዥ ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሳንባቸውን የከሰል አቧራ በልቶት ሲተነፍሱ እንደ ወናፍ ይሰማሉ፤ በሠላሳ ዓመት የገንዘብ ያዥነት አንድ ሳንቲም ጎድሎባቸው አያውቅም። እሳቸው ናቸው የገዛ ሚስታቸውን ኬክ ሦስት መቶ ዶላር ያደረሱት።

ጨረታ መሪው የልጅነት ጓደኛቸው ነው። «ሆባርት፣ ይሄን ኬክ ቤትህ በነፃ ትበላው የለም እንዴ?» አላቸው።

«ቤት ስበላ ቁራሹን ትቆጥርብኛለች። ይሄኛውን በገንዘቤ ስለገዛሁት አፏን ትይዛለች።»

ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ቨርላም ሳቀች። አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ዶላር ተሰበሰበ። ቨርላ ካምቢዮውም፣ የአራት ወር ጉድለቷም በአንድ ጊዜ ሲሞላ ታያትና መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ከሃያ ሁለት ዓመት ወዲህ በደስታ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር፤ የመጨረሻዋም ሆነ።

እንደ ወጉ የእራት ገንዘብ በሳምንቱ አጋማሽ ለባለቤቱ ይደርሰዋል። ቨርላ ሰኞ ዕለት ለክሌተስ ሁለት መቶ ዶላር ቀብድ ሰጥታ ካምቢዮው እንዲታዘዝ አደረገች። ረቡዕ ቀትር ላይ ወንድም ሆባርት የእሑድ ሸሚዛቸውን ለብሰው በረንዳዋ ላይ መጡ። ደረጃውን ወጥተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ። ከዚያ ከኪሳቸው ፖስታ ሳይሆን አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። ደረሰኝ ነው። ትናንት ማክሰኞ፣ በዚያ ሳንባቸው፣ ሃምሳ ሁለት ማይል ራሳቸው ነድተው ሄደው፣ ሙሉውን ገንዘብ በቨርላ ስም ለኮሌጁ ከፍለዋል።

«በእጅሽ ያልሰጠሁሽ ስላላመንኩሽ አይደለም፣ ልጄ» አሏት። «በወንድምሽ ጊዜ ፖስታውን የሰጠሁት በዚህ እጄ ነው።»

ታውቀዋለች። ሸለቆው ሁሉ ያውቀዋል። ከሰባት ዓመት በፊት ዴንዚል ጉድጓድ ውስጥ ወገቡ ተሰብሮ፣ ለሕመሙ በታዘዘለት ክኒን ተይዞ፣ ትቻለሁ ባለ ጊዜ እራት ተደገሰለት። ወንድም ሆባርት ጠንቃቃ ሰው ናቸውና ገንዘቡን ከመስጠታቸው በፊት የሽንት ምርመራ አስደረጉት፤ ንጹሕ ነው ተባለ። ሦስት ሺህ ዶላር በእጁ ሰጡት። በአስራ አንደኛው ቀን ዴንዚልን ማደያው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሞቶ አገኙት። ሰው ምንም አላላቸውም። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ ለማንም ሰው ጥሬ ገንዘብ በእጃቸው ሰጥተው አያውቁም፤ ይህን ቨርላ እስከ ዛሬ ልብ አላለችውም ነበር።

«ማስታወቂያው ለትምህርት ይላል፣ እኔም ለትምህርት ከፈልኩት» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አሁን ማንም ምላሱን አያነሳብሽም። በሕይወቴ እንደ ትናንቱ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ቨርላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወንድም ሆባርት» አለች። ሌላ ምን ትበል?

በማግስቱ ሐሙስ በግሌና መኪና ተራራውን ተሻግራ ኮሌጁ የክፍያ ቢሮ ገባች። የተቀበለቻት ሴት ትሑት ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፣ ውሃ ሰጠቻት። ትናንት ወዲያ የመጡትን ሽማግሌ አስታወሰቻቸው፤ ቢሮው ሁሉ ስለ እሳቸው እያወራ እንደዋለ ነገረቻት። ከዚያ ደንቡን አስረዳቻት። በስሟ የገባው አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ከኮሌጁ ድጎማ ላይ ተቀንሷል። ሒሳቧ ግን አሁንም ዜሮ ስለሆነ ምንም መጨነቅ የለባትም።

«ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ?» አለች ቨርላ።

«ድጎማው ለሌላ ችግረኛ ተማሪ ይተላለፋል። በእርስዎ ምክንያት አንድ ሰው ተጠቀመ ማለት ነው።»

ሴትየዋ ይህን ያለችው ልታጽናናት ብላ ነው። ቨርላ ደረሰኙን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው። ያ ሁሉ ቦሎቄ፣ ያ ሁሉ ኬክ፣ ጡረታቸውን ከፍለው የበሉ ሽማግሌዎች፣ ዜሮ ላይ ተደምረው ዜሮ ሆኑ። መመለሻ መንገድ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። አለ፤ ገንዘቡን የሰጠው ሰው ራሱ «ይመለስልኝ» ብሎ ፈርሞ ከላከ ይመለሳል። ተማሪዋ መጠየቅ አትችልም። ሰኞ ትምህርት ስለሚጀምር ወረቀቱ እስከ ነገ ዓርብ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት መድረስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ እንደተማረችበት ይቆጠራል። ሴትየዋ ቅጹን አትማ በፖስታ አድርጋ ሰጠቻት።

ሲመለሱ ግሌና ወንድም ሆባርት ቤት በር ላይ አወረደቻት።

ወንድም ሆባርትና እህት ኦማ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ፎሶሊያ ክሩን እየመዘዙ ነበር። ቨርላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አንድ እፍኝ አንሥታ አብራቸው ትመዝ ጀመር፤ እጇ ሥራ ሲይዝ መናገር ይቀላታል። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ደቃቁን ጽሑፍ፣ ድጎማውን፣ ዜሮውን፣ ካምቢዮውን። እየተናገረችው ለራሷም ውሸት መሰላት። ገንዘብ ተሰጥቷት፣ የተሰጣት ገንዘብ ምንም እንዳልጨመረላት ማን ያምናል?

ወንድም ሆባርት እስከ መጨረሻው ሰሟት። «እና ምን ላድርግልሽ?»

«ይቺን ወረቀት ይፈርሙልኝ። ገንዘቡ ለእርስዎ ይመለስና ለእኔ ይስጡኝ።»

«በእጅሽ?»

«በእጄ።»

እህት ኦማ ፎሶሊያውን መምዘዝ አቆሙ። ወንድም ሆባርት መነጽራቸውን አውልቀው፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው፣ መልሰው አደረጉና ዓይኗን አዩ። ቨርላ ያንን አስተያየት ታውቀዋለች። ስንቱን ከቀበረ በኋላ ሸለቆው ሁሉ የተማረው አስተያየት ነው፤ ክኒን የያዘው ሰው እንደሚሆነው የዓይኑ ጥቁር እንደ መርፌ ጫፍ ጠቦ እንደሆነ ማየት። እሷም ዴንዚልን እንደዚያ ታየው ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ ዓይኗ ደም መስሏል።

«መቼ ነው የምትፈልጊው?»

«ነገ። ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት።»

«ዴንዚልም እንደዚህ ይቸኩል ነበር» አሉ በቀስታ።

«እሺ፣ ለእኔ አይስጡኝ። በቀጥታ ለመካኒኩ ይክፈሉት።»

«ለማን? ለክሌተስ?»

ስሙ በረንዳው ላይ ሲነሳ ቨርላ ምን እንዳለች ገባት። ሁለት ዓመት የታሰረው ክሌተስ። ለዴንዚል ክኒን ይሸጥለት የነበረው ክሌተስ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሷ ደግሞ ልጡን በገዛ እጇ እያወጣች ሽማግሌው ፊት ትዘረጋ ነበር። የሚሟገቱላት ቃላት ሁሉ ዴንዚል ከሰባት ዓመት በፊት የተናገራቸው ሆኑ።

«ወንድም ሆባርት፣ ሽንቴን ልስጥዎት» አለች። «አሁን። በፈለጉት ዕቃ። ያስመርምሩት።»

ሽማግሌው የያዙትን ፎሶሊያ ሳህኑ ውስጥ መለሱ።

«ዴንዚልም ይሄንኑ ብሎኝ ነበር» አሉ። «የሰጠኝም ሽንት ንጹሕ ነበር። ከሞተ በኋላ ነው የሌላ ሰው መሆኑ የገባኝ። የማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።»

ቨርላ ታውቃለች። የእሷ ነበር።

ዴንዚል የቤት ኪራዬን ልክፈልበት፣ ለዚህች አንድ ጊዜ ብቻ ብሎ ጉልበቷ ላይ ወድቆ ለምኗት፣ በሕፃን የመድኃኒት ጠርሙስ ሞልታ የሰጠችው እሷ ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ ለማንም አልተነፈሰችም። አሁን እዚያ ደረጃ ላይ እፍኝ ሙሉ ፎሶሊያ ይዛ ደሟ ከፊቷ ሲሸሽ ተሰማት። ወንድም ሆባርት ይህን ሁሉ አዩ። ፊቷ ላይ ያዩት እውነተኛ ጥፋት ነበር፤ የሌላ ዓመት ጥፋት መሆኑን ብቻ ነው ያላወቁት።

«አንቺም ጀመርሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሏት። ቁጣ የለበትም። አባቷ በሕይወት ቢኖር ከዚያ በተሻለ ርኅራኄ አይጠይቃትም ነበር።

«አልጀመርኩም።»

«እስከ እሑድ ልጸልይበት።»

«እስከ እሑድ ጊዜው ያልፋል፣ ወንድም ሆባርት። ነገ ነው።»

«እግዚአብሔር አይቸኩልም» አሉና ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እህት ኦማ ተነሥተው አንድ ሳህን ፎሶሊያ በላስቲክ ቋጥረው አስያዟት። ቨርላ ቋጠሮውን ይዛ በእግሯ ቤቷ ሄደች።

ዓርብ አለፈ። ሰኞና ማክሰኞ ግሌና ንጋት ላይ ተነሥታ አደረሰቻት። ቨርላ ነጭ ደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ተሰልፋ የደም ግፊት ለካች፤ አስተማሪዋ እጇን አይታ ከዚህ በፊት የት እንደሠራች ጠየቀቻት። እነዚያን ሁለት ቀናት ቨርላ በሕይወት እስካለች አትረሳቸውም። ረቡዕ ግሌና ሥራ ቦታዋ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ሰጧትና ቀረች። ቨርላ በከሰል ጫኝ መኪና ተለምና ተሳፍራ አርባ ደቂቃ ዘግይታ ደረሰች፤ እንደቀረች ተቆጠረ። ሐሙስ የሚያሳፍራት ጠፋ። ሁለት ቀን ሞላ። በሳምንቱ ቦታዋ ለተጠባባቂ ተማሪ መሰጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ እንደተማረችበት ተቆጥሮ እዚያው ቀረ። መጦሪያው ተመለሰች፤ የለቀቀችውን የቀን ተራ ለሌላ ስለሰጡት የሦስት ቀን ሥራ ብቻ አገኘች።

ሁሉን ለቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ተናግራ ስሟን ማጥራት ትችል ነበር ትሉ ይሆናል። እሷም አስባዋለች። ግን ስሟን ማጥራት ከጀመረች የት ላይ ልታቆመው ነው? ክኒን አልዋጥኩም ብላ ስትምል ያቺ ጠርሙስ ትመጣባታለች። ሽማግሌው ለሰባት ዓመት በእጄ ገደልኩት ብለው ሲቃጠሉ ዝም ያለች ሴት፣ ዛሬ ስለ ራሷ ለመጮህ ምን አፍ አላት? እንዲያውም አንዳንዴ ይህ ሁሉ የመጣባት በዚያች ጠርሙስ ምክንያት ይመስላታል። እንዲህ ስታስብ ትንሽ ይቀላታል፤ ይህም ሌላ ዓይነት ተስፋ መቁረጥ ነው።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ የጸሎት ርእስ ያለው እጁን ያነሳል። አንዱ ስለ ጉልበቱ፣ አንዷ ስለ ልጇ ትናገራለች። ምክንያቱን መግለጥ ያልፈለገ ደግሞ «ያልተነገረ» ብሎ ይቀመጣል፤ ማንም አይጠይቀውም። ደብዳቤው በመጣበት ሳምንት እሑድ ወንድም ሆባርት ተነሡ።

«ለእህታችን ለቨርላ» አሉ። «ያልተነገረ።»

ሐሜት እንዳይሆን ብለው ነው። ግን በሸለቆው «ያልተነገረ» ሲባል ያልገባው ሰው የለም፤ ለዴንዚልም የተባለው ይኸው ቃል ነበር። አግዳሚው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አጠገቧ የተቀመጠችው ታሊ እናቷን ቀና ብላ አየቻት፤ መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ ዓይኗን። ልጅቷ ዓይኗን ስታይ ቨርላ ልቧ የዚያን ጊዜ ተሰበረ።

መስከረም ላይ ማደያው በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የእህት ኦማ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ «ለቨርላ» ይላል፣ ሌላ ቃል የለበትም። ግሌና ቀዳ ልትጥለው ስትል ቨርላ ያዘቻት። ቅዳሜ ቦሎቄው ተቀቀለ፣ የበቆሎ ዳቦው ተጋገረ። ቨርላ እንደ ወጉ ከፊት ተቀምጣ በላች። ሴቶቹ እየመጡ አቀፏት፤ ሲያቅፏት የመርፌ ምልክት ፍለጋ ክንዷን ዳበስ፣ እጅጌዋን ገለጥ ያደርጋሉ። ጨረታው ላይ ወንድም ሆባርት የሚስታቸውን ኬክ በአራት መቶ ዶላር ገዙት። የቀለደ ሰው አልነበረም።

ረቡዕ ቀትር ላይ በረንዳዋ ላይ መጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙና ደረሰኝ አውጥተው ሰጧት። ከተራራው ማዶ ያለ የክኒን ሱሰኞች መታከሚያ ነው፤ የሦስት ወር፣ የተመላላሽ፣ በሙሉ የተከፈለ። አድራሻውን አነበበችው። ከኮሌጁ በር ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው።

«መኪና ብለሽ እንዳትጨነቂ» አሉ። «ወንድሞች ተራ ገብተዋል። በየቀኑ አንዱ ያደርስሻል፣ አንዱ ይመልስሻል። ሦስቱንም ወር። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነው።»

ቨርላ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ወንድም ሆባርት ንስሐ መሰላቸውና እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። እጃቸው ለስላሳ ነበር። ሲበቃት ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«በስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» አለቻቸው።

«አስራ አንድ ሰዓት፣ ንጋት ላይ። ጭጋግም ቢኖር ያደርሰናል።»

«እሺ» አለች። «ተዘጋጅቼ እጠብቅዎታለሁ።»